አዳማ ላይ ሰርቨር መትከል፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው እንዲነሳ

የመነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ለአንድ የጅምላ ንግድ መጋዘን የሚያገለግል ሰርቨር ላይ ደቢያን (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) ሊጫን ነው። ማሽኑ ያገለገለ ባለሁለት ፕሮሰሰር ነው። ራሙ 48 ጊጋ ነው፤ ሁለት ባለ 300 ጊጋና አራት ባለ 1 ቴራ ሳስ ዲስኮች፣ ዲስኮቹን አጣምሮ የሚያሠራ ሬይድ ካርድና ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው። የሚጠበቅበት ሥራ በሳምባ ፋይል ማጋራትና በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሂሳብና የዕቃ መዝገብ መያዝ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ 25 ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ናቸው።

የምጠይቀው እንዴት እንደሚጫን አይደለም። መጫኑ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቢሮው ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋና እስከ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው፤ በዚያ መሃል መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ሦስት አራቴ። ስለዚህ አንድ ሰርቨር ተጭኗል የሚባለው፣ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ ሲመለስ ያለ ኪቦርድና ያለ ስክሪን ሥራው ላይ ሲገኝ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ከመጫኑ በፊትና በኋላ ምን ምን መያዝ አለበት? ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ላይ መብራት ሲመለስ ማሽኑ "ላስት ስቴት" እንዲሆን፣ ማለትም ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ ተደርጓል። ባለ 1500 ቪኤ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ) አለ።

በመድረኩ የተከተለው ውይይት (ክሩ) ስለረዘመና ጠቃሚው ነገር በየመሃሉ ስለተበተነ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የሰዎቹን ቃል ሳይሆን ፍሬ ነገሩን ነው ያሰፈርኩት፤ የምለው ሲኖረኝም አክያለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ያገለገለ ማሽን ላይ ፍላሽ ከመሰካት በፊት ብረቱን መመርመር ይቀድማል አለ። ራሙን በሜምቴስት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ማስፈተሽ ያስፈልጋል፤ 48 ጊጋ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ማታ አስጀምሮ ማሳደር ነው። ዲስኮቹን የዲስክ ጤና በሚመረምረው በስማርትሲቲኤል ረጅሙን ፈተና ማስፈተን ይከተላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ዲስኮቹ ከሬይድ ካርድ ጀርባ ስለሆኑ ትእዛዙ ላይ የካርዱን ዓይነትና የዲስኩን ቁጥር ካልጨመሩ የሚታየው የካርዱ ስም ብቻ መሆኑን ባለማወቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሰመረበት የሬይድ ካርዱን ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ሲሞት ካርዱ ራሱን ወደ ራይት-ስሩ ያወርዳል፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ስለሚጠበቅ ፖስትግሬስ ይንቀራፈፋል፣ ሰውም ሲስተሙን ይወቅሳል። አንዳንዱ ደግሞ ፍጥነቱን ለመመለስ ባትሪው ሞቶ እያለ ራይት-ባክን (ዲስኩ ላይ ሳያርፍ በካርዱ ውስጥ ይዞ ተጽፏል ማለትን) አስገድዶ ይከፍታል። ያን ጊዜ መብራት ሲሄድ ካርዱ "ተጽፏል" ብሎ የመሰከረለት መረጃ አብሮ ይሄዳል። ይህ መልስ ባይኖር ኖሮ ሌላው ሁሉ አሸዋ ላይ ይሠራ ነበር። የእኛው ካርድ ባትሪ ተፈትሾ ሞቶ ነው የተገኘው።

መልስ 2

ሁለተኛው ስለ ኔትወርክ ካርድ ጻፈ። በዚህ ማሽን ዘመን ሰርቨሮች ላይ የተለመደው ብሮድኮም ካርድ የተለየ ፈርምዌር (ካርዱን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ከደቢያን 12 በፊት ይፋዊው አይኤስኦ (የመጫኛው ፋይል) ይህን ስለማይዝ ፈርምዌሩን በሌላ ፍላሽ መያዝ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከወጣው 12 ጀምሮ ግን አብሮ ይመጣል፤ በኦገስት 2025 የወጣው 13ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በየቦታው የሚገኙት አሮጌ መመሪያዎች ጊዜያቸው አልፏል።

ቀጥሎ ኢንተርኔቱ የማይታመን ከሆነ ቀሪውን ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ትንሹን ኔትኢንስት ትቶ የመጀመሪያውን ዲቪዲ አይኤስኦ ማውረድን መከረ። ካወረዱ በኋላ የሻ-256 ድምሩን ሳያመሳክሩ ወደ ፍላሽ መጻፍ የለም፤ ተቆራርጦ የወረደ ፋይል መጫኑ መሃል ላይ አንድ ፓኬጅ ሊነበብ አልቻለም ብሎ ያቆማልና ሰው ፍላሹን ይወቅሳል። ዊንዶውስ ላይ በሩፈስ የሚጽፍ ሰው የዲዲን ስልት ይምረጥ፤ ሊኑክስ ላይ በዲዲ የሚጽፍ ደግሞ ወደ ክፍልፋዩ ሳይሆን ወደ ሙሉው ፍላሽ መጻፉን ሁለቴ ያረጋግጥ። በአንድ ፊደል ስህተት የራሱን ዲስክ የሚደመስሰው እዚህ ጋ ነው።

መልስ 3

ከሃዋሳ የጻፈው ሦስተኛው መላሽ ደቢያንን ትቶ ፍሪቢኤስዲ (ከሊኑክስ የተለየ ሲስተም) እንዲሆን ጠየቀ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጫኙ ራሱ ሲስተሙን በመስተዋት (ሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት በሚጽፍ) ዜድኤፍኤስ የፋይል ሲስተም ላይ ያስቀምጣል፤ ዜድኤፍኤስ ደግሞ አሮጌውን ሳይነካ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ በመጨረሻ ስለሚያዞር፣ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ የፋይል ሲስተሙ ግማሽ ተጽፎ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በፊት በቤሲቲኤል የቡት አካባቢ (የሲስተሙን ያለበት ሁኔታ ቅጂ) ፈጥሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አዲሱ አልነሳም ቢል ከመነሻው ሜኑ ላይ የትናንቱን መርጦ መነሳት ነው። የኔትወርኩም የአገልግሎቱም ማስተካከያ አርሲ-ኮንፍ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ መገኘቱ ለሚረከብ ሰው ምቹ ነው ሲል ጨመረ።

መልስ 4

አራተኛው ቃሉን ከረር አደረገ። 3ኛው የማሽኑን ዝርዝር ሳያነብ ነው የመከረው አለ። ሬይድ ካርዱ እያለ ዜድኤፍኤስ ማድረግ፣ እያንዳንዱን ዲስክ ለብቻው የአንድ ዲስክ ሬይድ-0 አድርጎ መደለል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ዜድኤፍኤስ የዲስኩን ትክክለኛ ሁኔታ አያይም፣ የተበላሸ ዲስክ ሲቀየርም መጀመሪያ ካርዱ ላይ አዲስ ጥራዝ መፍጠር ያስፈልጋል፤ ካርዱ ከሞተ ደግሞ ዲስኮቹን ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ ማንበብ ዋስትና የለውም። አዳማ ውስጥ ሰርቨሩን ነገ የሚረከበው ልጅ ደቢያን ወይም ኡቡንቱ ያየ ነው እንጂ ፍሪቢኤስዲ የነካ አይደለም ብሎ ደመደመ።

ስለ ካርዱ ልክ ነው። ስለ ልጁ ያለው ግን ለሃዋሳው ሰው መልስ አይሆንም፤ አርሲ-ኮንፍን ለማንበብ የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ይበቃል።

መልስ 5

አምስተኛው ሁለቱን ሳይወግን መውጫውን ሰጠ። የካርዱ ባትሪ ደኅና ከሆነ በካርዱ ሬይድ መሥራት፤ ከሞተ ግን ካርዱን አውጥቶ ዲስኮቹን በቀጥታ የሚያሳይ ኤችቢኤ ካርድ መተካትና በኤምዲአድም፣ ማለትም በሊኑክሱ የሶፍትዌር ሬይድ፣ መስተዋት መሥራት። አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ፦ ያገለገለ ኤልኤስአይ ካርድ ወደ አይቲ ስልት (ዲስኮቹን በቀጥታ ወደሚያሳይበት) ሲቀየር የቡት ሮሙ አብሮ ካልተጫነ፣ ዲስኮቹ ለጫኙ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ መጫኑም ያልቃል፣ ማሽኑ ግን ከእነርሱ መነሳት አይችልም።

የሰጠው አከፋፈል ይህ ነው። ሁለቱ ባለ 300 ጊጋ ለሲስተሙ ይሁኑ፦ በጂፒቲ የአከፋፈል ሠንጠረዥ ከተከፋፈሉና ማሽኑ በአሮጌው ባዮስ የሚነሳ ከሆነ 1 ሜጋ የባዮስ ቡት ክፍል በሁለቱም ላይ፣ ከዚያ 1 ጊጋ ለቡት፣ 40 ጊጋ ለሥሩ (ሲስተሙ ለሚቀመጥበት)፣ 60 ጊጋ ለቫር (ሎግና ተለዋዋጭ መረጃ ለሚቀመጥበት)፣ 8 ጊጋ ለስዋፕ፤ የቀረው ክፍሎችን ኋላ ለማስፋት በሚያስችለው በኤልቪኤም ውስጥ ሳይመደብ ይቀመጥ። ቫር ለብቻው የሚሆነው ሎግ ሲያብጥ ሥሩን እንዳያንቅ ነው፤ የጆርናሉንም (የሲስተሙን ሎግ) ጣሪያ 1 ጊጋ ላይ መገደብ ይገባል። አራቱ ባለ 1 ቴራ ሬይድ-10 (ጥንድ ጥንድ መስተዋት) ይሁኑ፣ 2 ቴራ ይሰጣሉ። በሬይድ-5 3 ቴራ ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን መብራት በጽሑፍ መሃል ሲሄድ መረጃውና ማመሳከሪያው ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ፣ አለመስማማታቸውም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አንድ ዲስክ የሞተ ቀን ነው።

ሲስተሙን የሚያስነሳው ግረብ በሁለቱም የሲስተም ዲስኮች ላይ መጫን አለበት። ጫኙ አንዱን ብቻ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ተረስቶ ይቀራል። መስተዋቱ ሙሉ መስሎ ይኖርና የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞት ማሽኑ ባዶ ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቆማል። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ማሽኑን አጥፍቶ የመጀመሪያውን ዲስክ መንቀል፣ ማስነሳት፣ መልሶ መሰካት፣ እስኪመሳሰል መጠበቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መንቀል።

መልስ 6

3ኛው ተመልሶ መጣና ለ4ኛው መለሰ። ኤችቢኤ ካርድ ከገባ የ4ኛው መከራከሪያ ሁሉ ወደቀ፣ ዜድኤፍኤስ ይቻላል አለ። እውነት ነው። የመረጥነው ግን ደቢያንን በኤክስቲ-4 የፋይል ሲስተም ነው፤ ዋናው ምክንያት የሂሳብ ሶፍትዌሩ አቅራቢ የሚደግፈው ሊኑክስን ብቻ መሆኑ ነው።

መልስ 7

ሰባተኛው ስለ ሰዓት የጻፈው፣ እዚህ አገር ሰርቨር የሚተክል ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው የሚገባ ነው። በመጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር-2032 ባትሪ ያለ ጥያቄ ቀይር አለ። ባለ 3 ቮልት ናት፣ ዋጋዋም ምንም አይደለም። ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ፓኬጅ የሚጭነው አፕት የፓኬጅ ዝርዝሩ ገና ጊዜው አልደረሰም ብሎ እምቢ ይላል፣ የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ልክ አይደሉም ይባላሉ፣ የሽያጭ መዝገብም በአሮጌ ቀን ይጻፋል። ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው ክሮኒ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልኬቶች ላይ ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ ሰዓቱን በአንዴ እንዲያስተካክል መደረግ አለበት። ያለዚያ በዝግታ ሲጎትተው ይከርማል። የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ ነው፣ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፣ በጋና ክረምት አይለዋወጥም።

ቀጥሎ በተወሰነ ሰዓት ሥራ ወደሚያስጀምረው ክሮን ሄደ። አሠሪው ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሁን ይላል። ጫኙ ክሮን ላይ 8 ብሎ ይጽፋል። የክሮን 8 ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ገብቶ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ደረሰኝ ሲጠብቅ፣ ዲስኩ በባክአፕ ተጠምዶ ይገኛል። መጻፍ የነበረበት 2 ነው። ከእያንዳንዱ የክሮን መስመር በላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በማስታወሻ መጻፍ ይህን ጣጣ ያስቀራል። ሌላው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ጠፍቶ ከነበረ ክሮን ያመለጠውን ሥራ ተመልሶ አይሠራም። ባክአፑን በሲስተምዲ ታይመር አድርጎ "ፐርሲስተንት" የሚለውን መክፈት ይሻላል፤ ማሽኑ እንደተነሳ ያመለጠውን ያካሂዳል።

መልስ 8 እና 9

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ፤ ያወጣውም ነገር ግን የሚጠቅም ነው። 8ኛው ቀኑ በዳታቤዙ ውስጥ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ፦ አይቀመጥ። ጳጉሜን የሚባል 13ኛ ወር፣ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ቀን፣ የዳታቤዙ የቀን ዓይነት አያውቅም። በጎርጎርዮሳዊው ተቀምጦ ስክሪኑና ደረሰኙ ላይ ሲወጣ ይቀየር። ስለ ፊደል ቅደም ተከተልም አነሳ፦ ፖስትግሬስ ሲፈጠር ሲ-ዩቲኤፍ-8ን (በዩኒኮድ ቁጥር ተራ መደርደርን) ከያዘ የደንበኞች ስም በሀሁ ቅደም ተከተል ይደረደራል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን የገባው በሀ ለ ሐ መ ተራ ነውና። የማይፈታው ኃይሉንና ሀይሉን፣ ፀሐይንና ጸሐይን የተለያዩ አድርጎ መቁጠሩ ነው፤ ይህ የሶፍትዌር ሠሪው ሥራ ነው።

9ኛው በሳምባ በኩል የሚመጣ ችግር ጠቆመ። ኤክስቲ-4 የፋይል ስም የሚቀበለው እስከ 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአማርኛ የሚፈቀደው ርዝመት 85 ፊደል ነው። ዊንዶውስ ግን እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። አንድ ጸሐፊ የደብዳቤውን ሙሉ ርዕስ የፋይሉ ስም አድርጋ ዴስክቶፕ ላይ ታስቀምጣለች፤ ወደ ሰርቨሩ ስትገለብጠው ስሙ ረጅም ነው ተብሎ ይመለሳል። ዜድኤፍኤስም (በተለመደው አሠራሩ) ኤክስኤፍኤስም እዚሁ ገደብ ላይ ናቸውና ለ3ኛው መከራከሪያ አይሆንም ብሎ ነካ አደረገው።

መልስ 10

አሥረኛው ተቆጣ። ጥያቄው ስለ መብራት ሆኖ ሳለ በዘጠኝ መልስ ስለ ሌላ ነገር ተወራ፤ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያለውን ከባድ ስህተትም ማንም አላየውም አለ። ባዮሱ ላይ "ላስት ስቴት" መደረጉ ነው ስህተቱ። ዩፒኤሱ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት ካዘጋው፣ የማሽኑ የመጨረሻ ሁኔታ "ጠፍቷል" የሚል ነው። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ወደ ነበረበት ሁኔታ ይመለሳል፣ ማለትም እንደጠፋ ይቀራል። የሚነሳው በድንገት ተቆርጦበት ከነበረ ብቻ ነው። መሆን ያለበት "ሁልጊዜ ይነሳ" የሚለው ነው። ዩፒኤስ በሌለው ማሽን ላይ ሁለቱ ልዩነታቸው አይታይም፤ ዩፒኤስ የገባ ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሁለተኛ የባዮስ ነገርም አነሳ። ብዙ ሰርቨሮች ሲነሱ ስህተት ካዩ፣ ለምሳሌ አንደኛው ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪክ ካላገኘ፣ ኤፍ-1ን ተጫን ብለው ሰው ይጠብቃሉ። ይህ ጥያቄ ከባዮሱ መዘጋት አለበት። ያለዚያ ኪቦርድ የሌለው ማሽን እስከ ሰኞ ኤፍ-1 ሲጠብቅ ይከርማል።

አነጋገሩ ያስቀየማቸው ነበሩ። የጻፈው ግን ልክ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነበር፤ ተስተካክሏል።

መልስ 11

11ኛው ስለ ዩፒኤሱ ዓይነት ጠየቀ። ርካሹ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ይህን ላይቀበል ይችላልና ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ በዞረባት ቅጽበት ሰርቨሩ ይጠፋል። ንጹህ ሳይን የሚያወጣ መሆን አለበት። የዩኤስቢ መውጫ የሌለው ከሆነ ደግሞ ለሰርቨሩ ምንም ሊነግረው አይችልም፤ ውድ ባትሪ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሒሳቡንም ሠራ። ባለ 12 ቮልት 9 አምፒር-ሰዓት ሁለት ባትሪ በወረቀት ላይ 216 ዋት-ሰዓት ነው። 180 ዋት ለሚስብ ሰርቨር ከአንድ ሰዓት በላይ ይመስላል። በፍጥነት ሲሳብ ግን የእርሳስ ባትሪ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም፣ ኢንቨርተሩም የራሱን ይበላል፤ አዲስ ሆኖ 20 ደቂቃ ላይ መቁጠር ነው። የአዳማ ሙቀት ደግሞ አለ። ባትሪው ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ዩፒኤሱን ከሰርቨሩ የጀርባ ትኩስ አየር ፊት ማስቀመጥ ስለዚህ አይገባም።

መልስ 12

12ኛው ኤንዩቲን (ሰርቨሩን ከዩፒኤሱ ጋር የሚያነጋግረውን ሶፍትዌር) ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ። ፓኬጁ ይጫናል፣ ስልቱ "ስታንድአሎን" ይደረጋል። ሾፌሩ ለታወቁት ዩፒኤሶች ዩኤስቢኤችአይዲ-ዩፒኤስ ነው፤ ለርካሾቹ ኤንዩቲዲአርቪ-ኪውኤክስ ይሞከራል። በዩፒኤስሲ ሲጠየቅ የባትሪው መቶኛና የመስመሩ ቮልቴጅ ከታየ ግንኙነቱ ደኅና ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ እንዲዘጋ ይተወዋል። ያረጀ ባትሪ ግን 60 በመቶ እያለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወድቃልና "ሊያልቅ ነው" የሚለው መልእክት ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ በኤንዩቲው ዩፒኤስስኬድ ሰዓት መቁጠር ይሻላል፦ መብራት እንደሄደ የ300 ሰከንድ ቆጣሪ ይነሳ፣ መብራት ቀድሞ ከመጣ ይሰረዝ፣ ካልመጣ መዝጋት ይጀምር። በየደቂቃው ሄድ መጣ ለሚለው አጭር መቋረጥ ሰርቨሩ አይነቃነቅም።

መልስ 13

የክሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው። 13ኛው የ12ኛውን ምክር አንድ በአንድ ከተቀበለ በኋላ አንድ ቀዳዳ አሳየ። አምስት ደቂቃው አለቀ፣ ሰርቨሩ መዘጋት ጀመረ፤ ፖስትግሬስ ቆሞ፣ ዲስኮቹ ሊለቀቁ ሲሉ መብራት መጣ። ሰርቨሩ መዝጋቱን ይጨርሳል፣ ይጠፋል። ዩፒኤሱ ግን አንድም ጊዜ ኤሌክትሪክ አላቋረጠም። ለባዮሱ መብራት አልሄደምና "ሁልጊዜ ይነሳ" የሚለው ትእዛዝ የሚሠራበት አጋጣሚ የለም። መብራት አለ፣ ዩፒኤሱ አረንጓዴ ያበራል፣ ሰርቨሩ ጠፍቷል። ዘበኛው ቢያየው ምንም የተበላሸ አይመስለውም።

መፍትሔው ሰርቨሩ ሊጠፋ ሲል ዩፒኤሱን "አንተም አቋርጥ" ብሎ ማዘዝ ነው። ዩፒኤሱን የሚከታተለው የኤንዩቲ ክፍል፣ ዩፒኤስሞን፣ ኪልፓወር የሚባል ምልክት ፋይል ይተዋል፤ በመዝጊያው የመጨረሻ ደረጃ ላይ፣ የፋይል ሲስተሞቹ ለንባብ ብቻ ከሆኑ በኋላ፣ ያ ፋይል ከታየ ለዩፒኤሱ የመቁረጥ ትእዛዝ ይላካል። ዩፒኤሱ ጥቂት ቆይቶ ይቆርጣል፣ መብራት ካለም መልሶ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ባዮሱ ይነሳል። ኦፍዴሌይ (እስኪቆርጥ የሚቆየው) ሳይነኩት 20 ሰከንድ፣ ኦንዴሌይ (እስኪመልስ የሚቆየው) 30 ነው፤ እርሱ 60 እና 120 እንዲሆኑ መከረ፤ ኦንዴሌይ ሁልጊዜ ከኦፍዴሌይ መብለጥ አለበት። መብራት ካለ መቁረጥ እምቢ የሚሉ ዩፒኤሶችም አሉና፣ ትእዛዙ ከተላከ በኋላ 120 ሰከንድ ጠብቆ ማሽኑ አሁንም በሕይወት ካለ ዳግም እንዲነሳ የምታዝ መስመር ትጨመር። ባትሪው የተወሰነ መቶኛ ሳይሞላ መልሰው የማይሰጡ ዩፒኤሶች ካሉ ያን መክፈት ጥሩ ነው፤ መብራቱ በአንድ ሌሊት አራቴ ሲመላለስ ባዶ ባትሪ ላይ መነሳት ከድንገተኛ መቆረጥ አይለይም።

መሞከሪያው ዩፒኤስሞንን ኤፍኤስዲ (አስገድዶ መዝጋት) ብሎ ማዘዝ ነው፤ ገመዱ ሳይነቀል፣ መብራት እያለ። ሰርቨሩ ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱ ቀጭ ብሎ፣ ሰርቨሩ ተመልሶ ከተነሳ ቀዳዳው ተደፍኗል።

መልስ 14

14ኛው ሁለቱም ፓወር ሰፕላይ ዩፒኤሱ ላይ ይሰካ አለ። 10ኛው ተመልሶ ይህን በኃይል ተቃወመ፦ ዩፒኤሱ ራሱ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ በዩፒኤስ፣ ሌላው ማዘግያ ባለው ስታቢላይዘር በኩል ከግድግዳ ይሁን። ሁለቱ ሦስት ዙር ተመላለሱ፣ ቃሉም ጠንከር እያለ ሄደ። የሚገርመው 13ኛው ገብቶ እንዳለው ሁለቱም የዘነጉት ነገር ነበር፦ አንዱ ከግድግዳ ከሆነ፣ መብራት እያለ ዩፒኤሱ ቢቆርጥም ሰርቨሩ በሌላኛው በኩል ኤሌክትሪክ ያገኛልና የመልስ 13 ዘዴ አይሠራም። የሚቀረው ጠብቆ ዳግም የሚያስነሳው መስመር ብቻ ነው። እኛ ሁለቱንም ዩፒኤሱ ላይ ሰክተናል።

መልስ 15

15ኛው የሲስተሙን ነገር መለሰው። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገናኙ ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ የተጻፈ የውጭ ባክአፕ ዲስክ ተነቅሎ ከሆነ ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ጠብቆ ወደ ኢመርጀንሲ ይገባል፣ ስክሪኑ ላይ የሩት ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ከሩቅ መግቢያው ኤስኤስኤችም አይነሳም። "ኖፌይል" የሚለው ቃልና የ10 ሰከንድ ገደብ ይጨመር። ነገር ግን ኖፌይል የራሱ ወጥመድ አለው፦ ዲስኩ ሳይኖር ባክአፑ ወደ ባዶው ፎልደር ይጽፍና ሥሩን ይሞላዋል። ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት ዲስኩ ማውንት መሆኑን (መገናኘቱን) ይጠይቅ። ፋይል ሲስተሙ ቆስሎ ሲገኝ ጥገናውን ያለ ጥያቄ እንዲያደርግም የከርነሉ መስመር ላይ "ኤፍኤስሲኬ-ሪፔር የስ" ይጻፍ።

መልስ 16

ስለ ኤስኤስኤች ነው፣ አጭር ነው። በቁልፍ ብቻ፣ ፓስወርድ ዝግ፣ አገልግሎቱን ዳግም ከማስነሳት በፊት የማስተካከያ ፋይሉን በኤስኤስኤችዲ-ቲ መፈተሽ፣ የቆየውን መስኮት ሳይዘጉ በሁለተኛ መስኮት መሞከር። ኡቡንቱ ለሚጭኑ ደግሞ፦ ማሽኑን መጀመሪያ የሚያዋቅረው ክላውድ-ኢኒት ለብቻው የሚያስቀምጠው ፋይል ፓስወርድን ከከፈተ፣ በዋናው ፋይል መዝጋት አይረዳም፤ ቀድሞ የተነበበው ነው የሚያሸንፈው።

መልስ 17

17ኛው ስለ አቧራ ጻፈ፣ የአዳማ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ከከተማው ዳር ተርባይኖቹን የሚያዞረው ንፋስ አቧራውንም በመስኮት ያስገባል። ሰርቨሩ ከወለሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ ፊቱ ወደ መስኮት አይዙር፣ ቀጭን የስፖንጅ ማጣሪያ ይደረግለት፤ ማጣሪያው ግን በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ ራሱ አየር ይዘጋል። የሙቀቱን ልክ በአይፒኤምአይቱል በየአሥር ደቂቃው ሎግ ማድረግ የማጣሪያውን መታጠቢያ ቀን ከቀን መቁጠሪያ በተሻለ ይናገራል።

መልስ 18

ይህ የእኔ መልስ ነው፣ የፈተናው ውጤት። ገመድ ከግድግዳ ተነቅሎ ለስድስት ደቂቃ ሲቆይ ሰርቨሩ በሥርዓቱ ተዘጋ፣ ሲመለስ ተነሳ። መብራት እያለ በኤፍኤስዲ ሲታዘዝም ተነሳ። አንደኛው የሲስተም ዲስክ ሲነቀል ተነሳ፤ ሁለተኛው ሲነቀል አልተነሳም፣ ግረብ አንዱ ላይ አልነበረም። 5ኛው ያለው ቃል በቃል ደረሰ። ተጭኖ ሲደገም ተነሳ።

መልስ 19

19ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ስዊቹና ራውተሩ የት ነው የተሰኩት? ከግድግዳ ነበር። ሰርቨሩ ለአምስት ደቂቃ በዩፒኤስ ቢቆምም ስዊቹ ከመብራቱ ጋር ስለሚጠፋ ኮምፒውተሮቹ በዚያ ጊዜ አያገኙትም፤ ጀነሬተሩ በሁለት ደቂቃ ተነስቶ እንኳ በመሃል የተከፈተው የኤክሴል ፋይል ይቋረጣል። ስዊቹና ራውተሩ ወደ ዩፒኤሱ ተዛውረዋል። ተጨማሪ 30 ዋት ገደማ ስለሚስቡ የዩፒኤስስኬዱ ቆጣሪ ከ300 ወደ 240 ሰከንድ ዝቅ ብሏል።